አራተኛዋ እህታችን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ እያንዳንዱን ቁጥር እያነበብን ጊዜያችሁን አንወስድም። ጥያቄ ያላችሁ ከሻይ በኋላ ጠይቁን። አሁን የምንነግራችሁ በኅዳር ወር ሱሉልታ ላይ ስለሮጥነው የአገር አቋራጭ ውድድር ነው። «ሒሳብና ሩጫን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ከሰዓት በኋላ ድምፅ ከምትሰጡበት የደንብ ማሻሻያ ጋር ይገናኛልና ታገሡን።

ነገሩ የተጀመረው ከወገብ ሕመም ነው። እኛ ሒሳብ የምንሠራው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነን። ጉልት የሚሸጡት እህቶቻችን በርጩማ ላይ፣ ልብስ የሚሰፉት ደግሞ መኪናቸው ላይ ይውላሉ። ከመካከላችን ደም ግፊትና ስኳር የጀመራቸው አሉ። ጤና ጣቢያ በሄድን ቁጥር የሚነገረን አንድ ነው፤ «ተንቀሳቀሱ»። ሱሉልታ ያለችው አባላችን ጎረቤቷ ከሆነ የሩጫ ክለብ አሠልጣኝ ጋር ተነጋገረችና እሑድ እሑድ ጠዋት ከወጣቶቹ ኋላ እንድንሮጥ ፈቀደልን።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ግን አብዛኞቻችን አዲስ አበባን ማቋረጥ አለብን። የሰበታዎቹ በዓለም ገና፣ በአየር ጤና አድርገው፣ የቡራዩዎቹ በአስኮ በኩል መጥተው አዲሱ ገበያ እንገናኛለን። ከዚያ በአንድ ታክሲ እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ እንወርዳለን። ለታክሲው መዋጮ እናዋጣለን፤ የሌላት ዝም ብላ ትሳፈራለች፤ የከፈለችው ማን፣ ያልከፈለችው ማን ብሎ የጠየቀ የለም። ይህን ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ነው። ታላላቅ አትሌቶቻችን ልምምዳቸውን እንጦጦና ሱሉልታ የሚያደርጉትም ስለዚሁ ነው፤ በስስ አየር የሠራ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከም ደም ያዳብራል። እኛ ግን በመጀመሪያው እሑድ ያዳበርነው ሳል ብቻ ነበር። ሁለት መቶ ሜትር ሳንሄድ ቁጭ አልን። ሳር ያጭዱ የነበሩ እናት ቀና ብለው በኦሮምኛ «ጀባዳ!» አሉን፤ በርቱ ማለታቸው ነው። እያፈርን ተነሣን።

አሠልጣኙ ያስተማረን ጥቂት ነገር ነው። ዳገት ላይ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ጫፉን አትዩ፣ ከፊታችሁ ያለውን አምስት እርምጃ ብቻ እዩ። ትንፋሽ ሲያጥር በፍጥነት መራመድ ነውር አይደለም። ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ አትለጠጡ፣ ጉልበታችሁን ትጎዳላችሁ። መረሬ አፈር ላይ ውኃ የቋጠረ ቦታ ካለ ሳሩን እየመረጣችሁ እርገጡ። ሰባት ወር እንዲህ ሠራን። ወገባችን ተሻለው። ከሁሉም በላይ ከሦስት ከተማ የመጣን ሴቶች በስም ተዋወቅን፤ ቀድሞ የምንተዋወቀው በቁጠባ ደብተር ቁጥር ነበር።

ክለቡ ኅዳር ላይ ለአካባቢው ሴቶች ውድድር ሲያዘጋጅ ስድስት ሆነን ተመዘገብን። ውድድሩ ሦስት ኪሎ ሜትሩን ዙር ሁለት ጊዜ ነው፤ ሜዳ፣ ረግረግ፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ የሚወጣ ዳገት፣ ከዚያ ቁልቁለት። ዐሥር ቡድንና በግል የሚሮጡ ሴቶች ነበሩ። ደንቡን ያነበብን ዕለት እኛ የሒሳብ ሰዎች በጣም ደስ አለን፤ የቡድን ውጤት በመደመር ነው የሚሠራው።

ለማታውቁት እናስረዳ። በአገር አቋራጭ ከአንድ ቡድን ስድስት ሰው ይሮጣል፤ የሚቆጠረው ግን ቀድመው የገቡት የአራቱ ደረጃ ነው። አንደኛ የወጣች አንድ ነጥብ፣ ሃያኛ የወጣች ሃያ ነጥብ ትይዛለች። የአራቱ ተደምሮ ድምሩ ያነሰው ቡድን ያሸንፋል። በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮናም የአዋቂዎች ቡድን የሚቆጠረው እንዲሁ ነው። ደራርቱ ቱሉ በዚህ ውድድር በግል ሦስት ጊዜ ወርቅ ወስዳለች፤ የቡድን ወርቅ ሲመጣ ግን ስማቸውን የማናስታውሳቸው የሦስት እህቶች ደረጃም አብሮ ተደምሮ ነው። ስለዚህ ቡድን አንዲት ፈጣን ሴት ስላለችው ብቻ አያሸንፍም። አራተኛዋ የት ናት የሚለው ይወስነዋል።

አንድ ሌላ ደንብ ደግሞ አለ። ሯጭ በሰው ተደግፋ መጨረስ አትችልም። ብዙዎቻችሁ የካቲት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ባተርስት በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የሆነውን በቴሌቪዥን አይታችኋል። በዚያ አስቸጋሪ ዳገት ለተሰንበት ግደይ እየመራች መጨረሻው ላይ ደረሰች። ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት አልፋት ስትሄድ ለተሰንበት መስመሩ ጥቂት ሲቀረው ወደቀች። ሰው ገብቶ አነሣትና መስመሩን አለፈች፤ ውጤቷ ግን ተሰረዘ። ከወራት በፊት በኦሪገን የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው አትሌት ናት። ያነሣት ሰው ክፋት አልነበረውም፤ ደንቡ ግን ደንብ ነው። ያን ዕለት አልቅሰን ነበር። እኛም በኅዳሩ ውድድር ያው ነገር ይደርስብናል ብለን አላሰብንም።

በሁለተኛው ዙር ሦስታችን ቀድመን ገባን፤ 12ኛ፣ 19ኛና 23ኛ። ዞር ብለን ስናይ አራተኛዋ እህታችን ረግረጉ ላይ ወድቃለች። የሰበታዋ ናት፣ ጉልት የምትሸጠው። ታሪኩን እንድንናገር ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ግን አንጠራም። አንድ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። መሮጥ የጀመርን ነበርን፤ አሠልጣኙ «እንዳትነኳት!» ብሎ ጮኸ። ከገመዱ ውጭ ቆመን በስሟ ተጣራን። «ተነሺ! ከፊትሽ ያለውን ብቻ እዪ!» አልናት። ሴቶች አልፈዋት እየሄዱ ነው። ተነሣች። ጫማውን ትታ በአንድ እግር ካልሲ ዳገቱን ወጣች፣ ቁልቁለቱን ወረደች፣ 34ኛ ገባች። ሁለቱ እህቶቻችንም ተከትለዋት ገቡ።

ድምሩን እኛው ሠራን፤ 12፣ 19፣ 23ና 34፣ በጠቅላላው 88። ከእኛ በጣም የተሻለ ቡድን ነበር። ሦስቱ 5ኛ፣ 8ኛና 16ኛ ገብተዋል። ነገር ግን ሁለት ሯጮቻቸው አቋርጠው አራተኛዋ 60ኛ ሆነች። ድምራቸው 89። በአንድ ነጥብ በልጠናቸው ከዐሥር ቡድን ሦስተኛ ወጣን። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ፔርሙስ ተሸለምን።

ደስታችን እዚያው ቢያልቅ ይህን ንግግር አናቀርብም ነበር። ታክሲ ውስጥ ስንመለስ ሁላችንም እንዘፍናለን፣ እሷ ዝም ብላለች። አዲሱ ገበያ ስንደርስ ፔርሙሱን ለገንዘብ ያዣችን ዘረጋችላት። «ይህን ሽጣችሁ ለቁጠባዬ ያዙልኝ» አለቻት። ገንዘብ ያዣችን ፔርሙሱን መለሰችላት። ማታ ቢሮ ተመልሰን የውዝፍ ዝርዝሩን ከፈትን። ስሟ ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር። አራት ወር አልከፈለችም።

ያን ዝርዝር ያዘጋጀነው እኛ ነን። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሚቀርብላችሁን ማሻሻያም የጻፍነው እኛው ነን፤ «ለሦስት ተከታታይ ወራት ያልከፈለች አባል ያለ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ትሰናበታለች» የሚለውን። ስንጽፈው ምክንያት ነበረን። 212 አባላት አሉን፤ ከእነዚህ 11ዱ ውዝፍ አለባቸው። ክፍያችንን በወቅቱ የሚከፍሉት ወደ 95 በመቶ ናቸው። 11ዱ ቢሰናበቱ ሪፖርታችን በአንድ ሌሊት 100 በመቶ ይሆናል። ደጋፊዎቻችንም ደስ ይላቸዋል ብለን ነበር።

እስኪ ልብ በሉ፤ ያ መቶ በመቶ ሲመጣ ወደ ካዝናችን የገባ አንድ ብር የለም። ያደረግነው ነገር ቢኖር አራተኛዋን ከቡድኑ አውጥተን ሦስት ሰው ብቻ መቁጠር ነው። አገር አቋራጭ ላይ እንዲህ ቢደረግ ማጭበርበር ይባላል። በሒሳብ መዝገብ ላይ ሲደረግ ግን መሻሻል ይመስላል። ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ይህን በፊታችሁ መናገራችን ስለምናከብራችሁ ነው።

ከዚያ በኋላ እኛና የየከተማው ተጠሪዎች 11ዱን ቤት ለቤት ሄደን አየናቸው። ሦስቱ አቅም እያላቸው ያልከፈሉ ናቸው። ሁለቱ አካባቢውን ለቀው ሄደዋል። ስድስቱ ግን የወደቁ ናቸው፤ አንዷ አራስ፣ ሁለቱ በቤታቸው በሽተኛ ያለባቸው፣ ሁለቱ የተከራዩት ቤት ኪራይ የጨመረባቸው። የእኛዋ ሯጭ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥበት ቦታ ለመንገድ ሥራ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገብታለች፤ ደንበኞቿን አጥታለች። «ለምን አልነገርሽንም?» አልናት። «ውዝፍ ያለባት ሰው ስብሰባ ላይ ምን ብላ ትቀመጣለች? እሑድ እሑድ የምመጣው ገንዘብ የማይጠይቀኝ ሰው እዚያ ስለሆነ ነው» አለችን። ከእናንተ መካከል ለስብሰባ መጥታ ጥግ ይዛ የምትቀመጥ እህት ያያችሁ ትኖራላችሁ። እኛ በየወሩ የምናያት አንድ ቁጥር ሆና ነበር።

እንግዲህ «ይቅር እንበላቸው» እያልን አይደለም። የቁጠባው ብር የማናችንም የግል ገንዘብ አይደለም፤ እንጀራ ጋግራ የሸጠች፣ ልብስ አጥባ ያደረች እህት ላብ ነው። ዋስ የሆነችውም ልጆች አሏት። ለወደቀችው ብለን መስመሩን ብንሻገርላት ደንቡ ይፈርሳል፤ ነገ ሁሉም ይወድቃል። የሰበታዋ እህታችንም ዕዳዋን ሰው እንዲከፍልላት አልጠየቀችም። የጠየቀችው ጊዜ ነው።

ስለዚህ የራሳችንን ማሻሻያ እንዲህ አርመን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ አንዲት አባል አንድ ወር ሳትከፍል ስትቀር፣ ሦስት ወር ሳይጠበቅ፣ የከተማዋ ተጠሪና አንድ የቡድኗ አባል ቤቷ ሄደው ይጠይቋታል። ሲሄዱ የክፍያ ደረሰኝ ይዘው አይሄዱም።

ሁለተኛ፣ በእርግጥ ችግር የገጠማት ከሆነ ቀሪው ክፍያ በአነስተኛ መጠን እስከ አንድ ዓመት ይራዘምላታል፤ ዋሷም እያወቀች ትፈርማለች። ዕዳው አይሰረዝም፣ በሌላ ሰው ትከሻም አይጫንም።

ሦስተኛ፣ አቅም እያላት የማትከፍል አባል ላይ ነባሩ ደንብ እንዳለ ይሠራል።

አራተኛ፣ ከአሁን በኋላ ሪፖርታችን በመቶኛ ብቻ አይቀርብም። ስንት ሴት አንድ ወር፣ ስንት ሴት ሦስት ወር እንደዘገየች፣ ስንቷ ተመልሳ መክፈል እንደጀመረች በግልጽ ይጻፋል። በያዛችሁት ሪፖርት መጨረሻ ገጽ ላይ የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ አስገብተናል። ቁጥሩ ቆንጆ አይደለም፤ እውነት ግን ነው።

ከስድስቱ አራቱ ባለፈው ወር መክፈል ጀምረዋል። የእኛዋ 150 ብር ይዛ መጣች። ደረሰኙን ስንቆርጥላት እጃችን ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ድምሩን ሁለት ጊዜ አየነው። ፔርሙሱን አልሸጠችውም። ጉልቷ ላይ ሻይ ትሸጥበታለች፤ ሰበታ ስትሄዱ ግዟት።

በመጨረሻ፣ እሑድ ጠዋት አዲሱ ገበያ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንገናኛለን። ጫማ ይኑራችሁ አይኑራችሁ ኑ። የማትሮጡትም ገመዱ ዳር ቆማችሁ ስማችንን ጥሩልን፤ ምን ያህል እንደሚረዳ አይተነዋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ድምፅ ስትሰጡ አራተኛዋን አስቡልን።