የወጠጤው ስደትና የአለቆቹ ፊርማ

(በተማሪዎች ማኅበር የሳምንት ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው የአንድ ፍየል ታሪክ ነው። ከፊት ወንበር የተቀመጡት መምህራኖቻችን ፊታቸውን እንዳያጠቁሩብን እንለምናለን፤ ከዚህ መድረክ ስለ ልማትና ስለ ሕግ ብዙ ተብሏል፣ ወደ ፊትም ይባላል። ይህ ፍየል ግን ጄኔራልና አድሚራል ባንድ ወረቀት ላይ እንዲፈርሙ ያደረገ ፍየል ስለ ሆነ፣ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ፈረንጆች ማስኮት የሚሉት ነገር አለ። ቃሉ ከደቡብ ፈረንሳይ የመጣ ሲሆን ሥሩ ከጠንቋይ ጋር የተያያዘ ነው። በዓለም የታወቀው ግን ኤድሞን ኦድራን የተባለው የሙዚቃ ደራሲ በ1880 «ላ ማስኮት» የተሰኘውን ኦፔሬታ ፓሪስ ላይ ካሳየ በኋላ ነው። በአማርኛ ልክ የሚሆነውን ቃል ብንፈልግለት ገድ ከሚለው አንርቅም። አያቶቻችን ማልደው መንገድ ሲወጡ መጀመሪያ ያገኙትን ሰው ወይም እንስሳ፣ ገደ ቀና ነው ወይም ገደ ቢስ ነው ይሉ ነበር። የአሜሪካ ተማሪ ደግሞ ገዱን በመንገድ እስኪያገኘው አይጠብቅም፤ ገመድ አስሮ፣ ጌጥ አልብሶ ወደ ጨዋታው ሜዳ ይዞት ይሄዳል።

በአሜሪካ ሁለት ታላላቅ የጦር ትምህርት ቤቶች አሉ። አንደኛው በ1802 የተቋቋመው የምድር ጦር ትምህርት ቤት ዌስት ፖይንት ነው። ሁለተኛው በ1845 የተቋቋመው የባሕር ኃይሉ አናፖሊስ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከ1890 ጀምሮ በአሜሪካኖቹ እግር ኳስ ይጋጠማሉ፤ እግር ኳስ ይበሉት እንጂ የሚጫወቱት አብዛኛውን በእጅና በትከሻ ነው። በ1893 በአራተኛው ግጥሚያ ባሕረኞቹ ኒው ዮርክ ከተባለው መርከብ ኤል ሲድ የሚባል ወጠጤ አምጥተው ሜዳ ላይ አቆሙ፤ 6 ለ 4 አሸነፉም። ፍየሉ ገደ ቀና ነው ተባለ። በዚያው ግጥሚያ ሳቢያ ግን አንድ ጄኔራልና አንድ አድሚራል ተጣልተው ሽጉጥ ሊማዘዙ ምንም አልቀራቸውም ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ ጨዋታው እስከ 1899 ድረስ ተቋረጠ። ተማሪዎች ስለ ጨዋታ ሲጣሉ አለቆች ይገላግላሉ፤ አለቆች ሲጣሉ ግን ገላጋዩ ማን እንደ ሆነ ታሪኩ አይነግረንም።

በ1899 ጨዋታው ፊላዴልፊያ ላይ እንደገና ሲጀመር፣ ምድር ጦሮቹ ለፍየሉ መልስ የሚሆን እንስሳ ፈለጉ። ያገኙትም የበረዶ ጋሪ ስትጎትት የነበረች በቅሎ ነው። ይህ እኛን የሀገራችንን ሰዎች ያስቃል። እኛ ዘንድ በቅሎ መኳንንትና ካህናት በወርቀ ዘቦ አስጊጠው የሚቀመጡባት፣ አባትሽ ማን ነው ሲሏት ፈረስ አጎቴ ነው ብላ የመለሰች ኩሩ ናት። እነሱ ደግሞ መድፍና ስንቅ ስለ ተሸከመችላቸው አከበሯት። በሁለቱም በኩል ብንሄድ ክብሯ አልተጓደለም። በዚያም ቀን ምድር ጦር 17 ለ 5 አሸነፈ።

እንግዲህ የስደቱ ታሪክ ከዚህ በኋላ ነው። በ1953 ከግጥሚያው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ የዌስት ፖይንት ተማሪዎች ሌሊት አናፖሊስ ገብተው ቢል የተባለውን ወጠጤ ሰረቁ። የቢል ስም እንደ ነገሥታት ስም በቁጥር የሚወራረስ ነው፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይተካል። ጣራው በሚታጠፍ አውቶሞቢል ጭነውት አድረው ዌስት ፖይንት አደረሱትና በመመገቢያው አዳራሽ ለጓደኞቻቸው አሳዩት፤ ጭብጨባውና ጩኸቱ ቤቱን አናጋው። ነገሩ ግን ወዲያው ወደ ላይ ወጣ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት አይዘንሃወር ራሳቸው በ1915 ከዌስት ፖይንት የተመረቁ፣ በተማሪነታቸውም ለትምህርት ቤቱ ኳስ የተጫወቱ ነበሩ። ፍየሉ እንዲመለስ ትእዛዙን የሰጡት እሳቸው ናቸው ተብሎ ይተረካል። ፍየሉ ተመለሰ፤ ባሕረኞቹም ገዳቸውን መልሰው ካገኙ በኋላ 20 ለ 7 ተሸነፉ።

በ1991 ደግሞ ተራው የባሕረኞቹ ሆነ። የአናፖሊስ ተማሪዎች የምድር ጦር ልብስ ለብሰው ዌስት ፖይንት ገቡ፤ የስልኩን ሽቦ ቆርጠው፣ በቅሎ ቤቱን የሚጠብቁትን ሠራተኞች አስረው፣ አራት በቅሎዎች ጭነው ወጡ። ፖሊስና ሄሊኮፕተር ቢያሳድዳቸውም በቅሎዎቹን አናፖሊስ አድርሰው በጓደኞቻቸው ፊት አቆሟቸው። የዚያ ዓመት የባሕር ኃይል ቡድን አሥር ጊዜ ተሸንፎ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ያሸነፈው፤ ያቺም አንዲት ድል በምድር ጦር ላይ 24 ለ 3 የተገኘችው ናት። ስለ ገድ የሚጠራጠር ቢኖር ይህን ያስብበት፤ የሚያምን ቢኖር ደግሞ የ1953ቱን ያስብ።

በዚህ ታሪክ ላይ እኛ ማታ ማታ በመኝታ ቤት ስንከራከር ሰንብተናል። ከመካከላችን ይህ የወጣትነት ጨዋታ ነው፣ የተመለሰ ዕቃ የተሰረቀ አይባልም ያሉ አሉ። ዌስት ፖይንት ግን የታወቀ የክብር ደንብ አለው፤ ተማሪ እንዳይዋሽ፣ እንዳያታልል፣ እንዳይሰርቅ፣ ይህን የሚያደርገውንም አይቶ ዝም እንዳይል ያዝዛል። ፍየል ሲሆን ደንቡ የሚተኛው በማን ፈቃድ ነው? በሳቁ ሁላችንም ስቀናል። ለኛ ግን ሳቁ ያቆመው የታሰሩት ሠራተኞች ላይ ስንደርስ ነው። ተማሪ ከተማሪ ጋር ሲቀላለድ ሁለቱም የጨዋታውን ሕግ ያውቃሉ። ለደመወዙ ሌሊት በረት የሚጠብቅ ሰው ግን ሲታሰር ቀልድ ይሁን ወንበዴ ይሁን በምን ያውቃል? ቀልዱ የሁለት ትምህርት ቤቶች ሆኖ ፍርሃቱ የሦስተኛ ሰው ከሆነ ጨዋታው አልቋል እንላለን።

አለቆቹም እንዲህ ሳያስቡ አልቀሩም፤ በ1992 የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ሹማምንት የእንስሳት ስርቆት ይቁም ብለው ተስማምተው ፈረሙ። ፊርማው ግን ስርቆቱን አላቆመውም። በ2012 አንድ ወጠጤ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ከሚገኝበት ከፔንታጎን አጠገብ፣ በመንገድ መካከል ባለ ሣር ላይ ታስሮ ተገኘ። ምን ሊያመለክት ወደዚያ እንደ መጣ የጠየቀው አልነበረም።

ከሁሉ የሚገርመው የ2021 ነው። በኅዳር ወር ገደማ የዌስት ፖይንት ተማሪዎች ፍየሎቹ ወደሚጠበቁበት እርሻ በጨለማ ገቡ። ኮቴያቸውን የሰሙት ፍየሎች ደንብረው በየሜዳው ተበተኑ። ተማሪዎቹ ሮጠው አንዱን ያዙና አራት ሰዓት ያህል ነድተው ዌስት ፖይንት አደረሱት። በብርሃን ሲያዩት ግን የያዙት በሥራ ላይ ያለውን ቢል ሳይሆን ጡረታ የወጣውን ቢል ሠላሳ አራተኛውን ሆኖ ተገኘ፤ ዕድሜው 14፣ ቀንዱ አንድ ብቻ፣ መገጣጠሚያውን ቁርጥማት የያዘው ሽማግሌ። ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ ማለት ይህ ነው። አለቆቻቸው ወዲያውኑ መልሱ ብለው አዘዙና ሽማግሌው ወደ ሜዳው ተመለሰ።

ያን ጊዜ የዌስት ፖይንት አለቃ ጄኔራል ዳሪል ዊሊያምስ፣ የአናፖሊሱ አለቃ አድሚራል ሾን ባክ ነበሩ። ሁለቱ ባንድነት መግለጫ አውጥተው ድርጊቱን ነቀፉ፤ በወንድማማቾች መካከል ያለው መተማመን ተጎድቷል አሉ። እኛን የነካን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ሰዎች በ1983 ከየራሳቸው ትምህርት ቤት የተመረቁ ናቸው፤ ባንድ ዘመን በሜዳው ግራና ቀኝ ቆመው ሲጮሁ የነበሩ ተማሪዎች ማለት ነው። የተማሪውን ልብ ከውስጥ የሚያውቅ አለቃ ሲቆጣ ቁጣው ይከብዳል። ግን ደግሞ አንድ ጥያቄ እናቀርብላቸዋለን። የ1953ቱ ወሬ ለአዲስ ገቢ ሁሉ እንደ ጀግንነት ሲተረክለት ከኖረ፣ በፊርማ ብቻ ይቆማል ብሎ ማን ይጠብቃል? ተማሪ ከደንቡ ይልቅ ተረቱን ቶሎ ይማራል።

ሁሉም እንደዚህ አይደለም። በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሬቪሊ የምትባል ውሻ አለች። የመጀመሪያይቱ በ1931 ተማሪዎች በአውቶሞቢል ገጭተዋት፣ አዝነው ወደ ግቢ ወስደው ያስታመሟት መንገደኛ ነበረች፤ ስሟንም ያገኘችው የማለዳው ጥሩምባ ሲነፋ ስለ ጮኸች ነው። ዛሬ ተተኪዋ በተማሪዎቹ ሠራዊት ውስጥ ከሁሉ በላይ ማዕረግ አላት፤ አንቱ ብለው ነው የሚያናግሯት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ክፍል ውስጥ ከጮኸች ትምህርቱ ይበቃል ይባላል። (መምህራኖቻችን አይስጉ፤ እንዲህ ያለች ውሻ ለማኅበራችን ይገዛ ብለን አላመለከትንም።) ስትሞት በጨዋታው ሜዳ በር፣ ፊቷን ወደ ውጤት ሰሌዳው አድርገው ይቀብሯታል። ሜዳው ሲሠራና ሲሰፋ ሰሌዳው ከመቃብሩ ተጋረደ፤ ተማሪዎቹም ለሞቱት ውሾች ብቻ የሚሆን ትንሽ ሰሌዳ ከውጭ አቆሙላቸው።

ወደ ወጠጤያችን እንመለስና፣ በታኅሣሥ 2021 የተደረገውን ግጥሚያ ብዙ ሰው ምድር ጦር ያሸንፋል ብሎ ነበር። ባሕር ኃይል 17 ለ 13 አሸነፈ። ባለ አንድ ቀንዱ ሽማግሌ ያን ጊዜ እርሻው ውስጥ ሣሩን ይነጭ ነበር።

 የምትከራከሩን ካላችሁ እዚሁ አለን።