የሌላውን ልጅ ስለ መሸከም



ሰው ከተወለደበት አገር የሚወጣበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለንግድ፥ አንዱ ለትምህርት፥ አንዱም ጠላት አሳድዶት ይወጣል። የማያውቀውን ሰው ሽባ ልጅ ለማንሣት ብሎ ባሕር የሚሻገር ግን ከብዙ አንድ ነው። የዛሬው ንግግር ስለዚሁ ስለ አንዱ ነው፤ ዓመታቱም የሚቈጠሩት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ስለ ባዕዳን ከመናገር አስቀድሞ የአገርን ልጅ ማስታወስ ይገባል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ዓ.ም. ከአባታቸው ጋራ ወደ እንግሊዝ አገር በተሰደዱ ጊዜ ገና 17 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። የንጉሥ ልጅ በስደት ቤት ተቀምጣ ብታለቅስ ማንም አይነቅፋትም ነበር። እርሳቸው ግን በሎንዶን ከተማ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት ወዳለው የሕሙማን ሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የአስታማሚነትን ሥራ ተማሩ። የባዕድን ልጅ ማጠብ፥ አልጋ ማንጠፍ፥ ሌሊት መትጋት ሥራቸው ሆነ፤ በ1939 ዓ.ም.ም የሕፃናት አስታማሚነት ምስክር ወረቀት ተቀበሉ። አገር ነጻ ከወጣች በኋላ ተመልሰው ብዙ ሳይቈዩ በ1942 ዓ.ም. በነቀምቴ ዐረፉ። በስማቸው ለተሠራው ሆስፒታል በእንግሊዝ አገር ገንዘብ ይሰበስቡ ከነበሩት አንዷ ሚስ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናቸው። አጽማቸውም በዚሁ በቅድስት ሥላሴ ቅጽር ዐርፏል። እንግዲህ ውለታው ወደ አንድ ወገን ብቻ የፈሰሰ አይደለም።

ሌኦናርድ ቼሻየር የሚባሉት እንግሊዛዊ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ኃይል መኰንን ነበሩ። በ1945 ዓ.ም. በናጋሳኪ ላይ የአቶም ቦምብ ሲጣል በሌላ አውሮፕላን ሆነው በዓይናቸው አዩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ መጠጊያ ያጣ አንድ ለሞት የደረሰ በሽተኛ በገዛ ቤታቸው ተቀብለው በእጃቸው አስታመሙት። ከዚያ ቤት የተነሣው ሥራ ወደ ብዙ አገር ተዘረጋ፤ በ1962 ዓ.ም.ም ወደ ኢትዮጵያ ደርሶ በአምቦ መንገድ በመናገሻ የልጆች ቤት ሆነ። የነገሥታት መንገሻ የሚል ስም ባለው ስፍራ የሚድኹ ልጆች ገቡ፤ ቅኔ የቀመሰ ሰው ይህን ሰምቶ ዝም አይልም።

በዚያ ዘመን ፖሊዮ የሚባለው በሽታ ብዙ ሕፃናትን ያሽመደምድ ነበር። ትኵሳቱ ካለፈ በኋላ እግሩ ይሰልላል፤ ልጁም ጓደኞቹ ሲሮጡ እርሱ እየዳኸ ያድጋል። እንዲህ ላለው ልጅ የሚደረገው ተአምር አይደለም፤ አድካሚ ሥራ ነው። የተጣመመው በሐኪም ይቃናል፥ ጅማቱ በየዕለቱ ይታሻል፥ እግሩ ተለክቶ የብረትና የቆዳ መደገፊያ ይሠራለታል፥ ምርኵዝ ይሰጠዋል። ልጅ ግን ያድጋል፤ ብረቱም ያጥራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ለክቶ የሄደ ሰው ገና ሥራውን አልፈጸመም። ይልቁንም ለጥቂት ወር መጥቶ ልጁን አቅፎ፥ አባባ ወይም እማማ አስብሎ፥ ወዲያው ተሰናብቶ የሚሄደው በጎ ፈቃደኛ፥ አንድ ጊዜ እናቱን ያጣውን ልጅ ሁለተኛ ያሳጣዋል። የሚጠቅመው እንግዳ ቋንቋውን ተምሮ፥ ብረቱን መቀጥቀጥ ቆዳውን መስፋት ለአገሩ ሰው አስተምሮ የሚሄደው ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ነገር አለ። የአብነት ትምህርት ቤት የተመሠረተው በጆሮ ነው። ስለዚህ ዓይነ ስውሩ ተማሪ በቅኔ ቤት እንግዳ ሆኖ አያውቅም፤ ሌሊት ያለ ጧፍ ቃሉን ያጠናል፥ ጉባኤ ቃናውን ይቈጥራል፥ ከነዚህም ብዙ ደቀ መዛሙርት ያፈሩ መምህራን ወጥተዋል። እግሩ የሰለለው ግን ቁራሽ ለምኖ ከውሻ ሮጦ ማምለጥ ስለማይችል ከደጁ ቀረ። ጆሮው የማይሰማው ደግሞ ከነጭራሹ አልገባም። የቀድሞ ሰዎች ደንቆሮ ይሉት ነበር፤ ስሙ ዛሬ ስድብ መሆኑ ራሱ ምን ያህል እንደተናቀ ያሳያል።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጡ የወንጌል መልእክተኞች በመካኒሳ ለእነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሃይማኖታቸው የተለየ ነው፤ በዚህ ነገር ክርክር አለ፥ ወደፊትም ይኖራል። ልጁ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ያለ ቃል መኖር አልነበረበትም። መጀመሪያ የተማረው የአሜሪካንን የእጅ ምልክት ነው። ኋላ ግን ኢትዮጵያውያን የገዛ ፊደላቸውን በእጅ አበጁለት፤ ለእያንዳንዱ ግእዝ አንድ የጣት ቅርጽ ተሰጠው፥ ካዕብ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ የሚለየውም በእጁ እንቅስቃሴ ሆነ። እንግዳው ያመጣው ዘር በአገሩ መሬት ሌላ ፍሬ አፈራ ማለት ነው።

በዚህ ከተማ ግን ልጁን ከጓዳ ሸሽጎ፥ እንግዳ ሲመጣ በሩን የሚዘጋ ቤት ዛሬም አለ። ወላጁ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ጎረቤት ምን ኃጢአት ሠርተው ነው እንዳይል ፈርቶ ነው። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት ይህንኑ ጠይቀው፥ ጌታ ጥያቄውን እንዳፈረሰው በዐውደ ምሕረት ስንት ጊዜ ተሰብኳል! የመጻጉዕ ሰንበትም በየዓመቱ ይከበራል። ያ ሰው 38 ዓመት ሲታመም ውኃው ከአጠገቡ ነበረ፤ የጐደለው የሚያወርደው ሰው ነበረ። በ1973 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የእማሆይ ተሬዛ መነኮሳይያት በስድስት ኪሎ የድውያን ቤት አላቸው። ከሥላሴ ደጅ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ በእግር ይደረሳል።

ሥላሴ የሚለው ስም በእጅ ሲጻፍ ሦስት ምልክት ብቻ ነው፤ ሠ በሳድስ፥ ለ በራብዕ፥ ሰ በኃምስ። አንድ ልጅ በክብረ በዓሉ ቀን ከደረጃው ሥር ቆሞ ይህን ቢጽፍ፥ ከሚያልፈው ሕዝብ ማን ያነብለታል?