ቡፊን ዳግም ሲያዩት



«ቡፊ» የተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ከ1997 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በ144 ክፍሎች ታይቷል። መጀመሪያ ሲያዩት ልብ የሚሰቅለው ጀግናዋ ቡፊ ከደም መጣጭ ቫምፓየሮች ጋር የምታደርገው ፍልሚያ ነው። ዳግም ሲያዩት ግን አድናቂውን ቀጥ አድርጎ የሚያስቆመው በ2001 የቀረበው፣ «አስከሬኑ» የተሰኘው ክፍል ነው።

ቡፊ ቤት ስትገባ እናቷን ሶፋ ላይ ሞታ ታገኛታለች። ገዳይዋ ጭራቅ አይደለም፤ አንጎሏ ውስጥ የፈሰሰ ደም ነው።

ማጀቢያ ሙዚቃ የለም። የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች ከመድረሳቸው በፊት ልጅ የእናቷን ቀሚስ ዝቅ አድርጋ ታስተካክላለች። ከሺህ ዓመት በላይ የኖረችው የቀድሞዋ ጋኔን አንያ እንኳ ሞት አልገባ ብሏት ታነባለች።

ቴሌቪዥን ሐዘንን እንዲህ በእውነት ያሳየበት ጊዜ ጥቂት ነው። ድራማውን ዳግም የምታዩ ሁሉ፣ ይከብዳል ብላችሁ ይህን ክፍል አትዝለሉት።