ደብተርና ደብተራ፦ የአንድ ቃል ሁለት ዕጣ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በደብረ ታቦር የቀረበ ንግግር)




ለመምህር ከደብተር የሚቀርብ ዕቃ የለም። ተማሪው ይጽፍበታል፤ መምህሩ ያርምበታል፤ ወላጅም መስከረም በጠባ ቁጥር ስለ ዋጋው ይጨነቅበታል። ሆኖም ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ስሙ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለ አንድ ቃል አመጣጥና ስለ አገልግሎቱ መለዋወጥ እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ ይህን ቃል የመረጥሁት፣ ከጎኑ «ደብተራ» የሚል ወንድም ቆሞ ስላገኘሁ ነው። አንደኛው ወንድም እስከ ዛሬ ተከብሮ ይኖራል፤ ሁለተኛው ግን በብዙ ሰው አፍ መሰደቢያ ሆኗል። አንድ ግንድ ያላቸው ሁለት ቃላት ስለምን እንዲህ ያለ የተለያየ ዕጣ ገጠማቸው? በዚህ በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ ቆሞ ይህን መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

ግንዱ የሚገኘው በጥንታዊው የግሪክ ቋንቋ ነው። «ዲፍቴራ» ማለት ተፍቆ የተዘጋጀ ቆዳ ማለት ነበር። ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በጻፈው ታሪክ፣ የኢዮንያ ሰዎች መጻሕፍትን «ቆዳዎች» እያሉ የሚጠሯቸው ፓፒሩስ ባልተገኘበት ዘመን በፍየልና በበግ ቆዳ ላይ ይጽፉ ስለነበር መሆኑን ይነግረናል። ይህ አነጋገር ለሌላው እንግዳ ቢሆን ለጋይንትና ለእስቴ ሰው እንግዳ አይሆንም። የፍየሉ ቆዳ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥሮ፣ ሥጋውና ጠጉሩ ተፍቆ፣ ደርቆና ለስልሶ ብራና እንደሚሆን፣ ብራናውም ተሰፍቶ መጽሐፍ እንደሚሆን የምናውቀው ከራሳችን አገር ነው።

ከዚህ ግንድ ቃሉ በሁለት መንገድ ወደ እኛ መጣ። አንዱ መንገድ በፋርስና በዐረብ በኩል ያልፋል። ዐረቦች «ደፍተር» አሉት፤ ቱርኮች የግብርና የመሬት መዝገባቸውን በዚሁ ስም ጠሩት፤ በሕንድ አገር ቃሉ ከመዝገቡ አልፎ መዝገቡ የሚቀመጥበት ቢሮ መጠሪያ ሆነ፤ በስዋሂሊም «ደፍታሪ» ተብሎ ይኖራል። በእኛ አፍ ደብተር ሆነና የሒሳብና የግብር መዝገብ መጠሪያ ከመሆን አልፎ፣ ዘመናዊ ትምህርት ሲስፋፋ ለተማሪው መጻፊያ ዋና ስም ሆነ። ቃሉ ዛሬም አላረፈም። ቆጣቢው የባንክ ደብተር አለው። በክልላችን ባለፉት ሁለት ዐሥርተ ዓመታት የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ከተሰጠ ወዲህ ደግሞ ገበሬው «ደብተሬ» ሲል የልጁን ትምህርት ሳይሆን ርስቱን ማለቱ ሊሆን ይችላል። በዚያ ደብተር የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ስለሚጻፍ፣ ቃሉ ለብዙ እናቶች የመብት መጠሪያ ሆኗል።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህ እጅግ የቀደመ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ይኸው የግሪክ ቃል በግዕዝ «ደብተራ» ተብሎ ድንኳን ማለት ሆነ። ቆዳ ድንኳን መባሉ አያስደንቅም፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 26 የተነገረው የመገናኛው ድንኳን ከላይ በአውራ በግ ቆዳ የተሸፈነ ነበር። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዘዋወሩ በነበረበት ጊዜ ቤተ ክርስቲያናቸውም በድንኳን ይጓዝ ነበርና፣ በዚያ የሚያገለግሉት «ካህናተ ደብተራ» ተባሉ። ቀስ በቀስ የድንኳኑ ስም ወደ አገልጋዩ ተላለፈ። ቅስና ባይቀበልም እንኳ በማኅሌት የሚቆም፣ ዜማና ቅኔ የሚያውቅ፣ የሚጽፍና የሚያስተምር ሊቅ ደብተራ ተባለ።

በዚህ ደጋ ደብተራ ለመባል ምን ይጠይቅ እንደነበር እናስብ። ተማሪው ኮቸሮውን ለምኖ እየበላ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ብዙ ዓመት ይማራል። የድጓ ምስክር የሚሆነው ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ ነው፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር የሚሆነው ዙር አምባ ወጥቶ ነው፤ የተክሌን አቋቋም የሚፈልግ ደብረ ታቦር ይመጣል። ይህ አቋቋም በትውፊት ከአለቃ ገብረ ሐናና ከልጃቸው ከተክሌ ጋር የተያያዘ ነው። ሕዝቡ ግን ከአለቃ ገብረ ሐና ሊቅነት ይልቅ ቀልዳቸውን አስታውሶ ቀርቷል። የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ የጻፈውም በውጭ ሊቃውንት ዘንድ «ደብተራ ዘነብ» ተብሎ የታወቀው ሰው ነው፤ ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1902 ሥራውን አሳትሞታል። የአማርኛ ዝርው ጽሑፍ ካደገባቸው መሠረቶች አንዱ ደብተራ በሚል ስም የተጠራ ሰው እጅ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ስሙ ስለምን ወደቀ? አንዳንዶቹ ደብተሮች ክታብ እየጻፉ፣ ሥር እየማሱ፣ ድግምትም እየደገሙ ይተዳደሩ እንደነበር አይካድም። ነገር ግን ማንበብ የጥቂቶች ብቻ በሆነበት አገር፣ የማያነበው ሰው የሚያነበውን በአክብሮትና በፍርሃት መካከል ሆኖ ያየዋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ፣ በጎንደር ሪም ይባል የነበረው የአገልግሎት መሬትም ቀረና ደብተራው መተዳደሪያውን አጣ። አክብሮቱ ከመሬቱ ጋር ሄደ፤ ፍርሃቱ ግን ቀረ።

ይህ ዕጣ የደብተራ ብቻ አይደለም። ከዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትር በሚርቀው በጋፋት አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተዋል፤ እጀ ብልሃተኛው አንጥረኛ ግን በአገሩ «ጠይብ» እየተባለ በቡዳነት ሲታማ ኖሯል። ጠይብ ማለት ከጠቢብ የወጣ ቃል ነው። እንግዲህ የራስ ጥበብ ያለውንም የእጅ ጥበብ ያለውንም በገዛ ስማቸው ሰድበናል። ጥበብን የሚፈራ ማኅበረሰብ የጥበበኛውን ስም ስድብ ያደርገዋል።

ብዙዎች መፍትሔው ስም መለወጥ መሰላቸው። ደብተራ መባል የከበደው ሊቅ መሪጌታ መባልን መረጠ። መሪጌታ የማኅሌት መሪ የማዕርግ ስም ነው። ግን ምን ሆነ? ዛሬ በየመንገዱ ምሰሶና በየስልኩ «መሪጌታ እገሌ፣ መስተፋቅር እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ እናነባለን። ስድቡ አዲሱን ስም ተከትሎ ደረሰበት። አስተያየታችን ካልታረመ ስም መለወጥ የተቀደደ ልብስ በላዩ ሌላ እንደ መደረብ ነው።

ባልደረቦቼ፤ የዚህ ቃል ሦስተኛ ዘመድም አለ። እ.ኤ.አ. በ1826 ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ብሬቶኖ፣ በሕፃናት ጉሮሮ ላይ እንደ ቆዳ እየጋረደ ትንፋሽ ለሚያሳጥረው በሽታ ከዚያው ከዲፍቴራ ስም አወጣለት፤ ይህም ዲፍቴሪያ የምንለው ነው። የእኛ የሕክምና ቃል ደግሞ «ዘጊ አናዳ» ይለዋል። አናዳ በግዕዝ ቆዳ ማለት ነው። እናቶች በየጤና ጣቢያው ልጆቻቸውን የሚያስከትቡበት ይህ ቃል የግሪኩን ምስጢር ሳያዛባ የተመለሰ ነው። ለመሆኑ ይህን ቃል ለማግኘት የሚያስችለውን ግዕዝ ማን አቆየልን? በየደብሩ ጥላ ሥር ያለ ደመወዝ ሲያስተምር የኖረው ያ ስሙን ያረከስንበት ሰው ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት የማሳስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተማሪዎቻችን የያዙት ደብተርና የአጎራባቹ ደብር ደብተራ የአንድ ቃል ልጆች መሆናቸውን በክፍላችን እንንገራቸው። ሁለተኛ፣ የብራና ፋቂውን፣ የጸሐፊውንና የዜማ መምህሩን የሙያ ቃላት፣ ባለሙያዎቹ በሕይወት ሳሉ ከአፋቸው እየሰማን እንመዝግብ፤ ለዚህ አንድ ደብተርና አንድ ብዕር ይበቃል። ሦስተኛ፣ ማታለልን ማታለል፣ ማጭበርበርንም ማጭበርበር ብለን በስሙ እንጥራው እንጂ የሊቅን ስም አናውሰው።

እኛም የምናስተምር ነን። የቀደሙት መምህራን ስም ሲዋረድ ዝም ካልን፣ «መምህር» የሚለው ስም ነገ ምን እንደሚሆን ዋስትና የለንም።