ስለ ሸለፈት መቆጣትና ማሳከክ፦ ከእናቶቻችን ያልወረስነው እውቀት

(በኦስሎ፣ ቫይትቬት በተደረገው ዓመታዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ጤና አንድ ነገር እንድናገር ስጠየቅ ብዙዎቻችሁ ስለ ደም ግፊት የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ በስልክ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የምጠየቀውን መረጥኩ። በአባቶች ፊት ስለምናገር አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሆኖም በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

በብዙዎቻችን ቤት ወንድ ልጅ በ8ኛው ቀን ይገረዛል፣ በ40ኛው ቀን ክርስትና ይነሣል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ10 ወንዶች 9ኙ ያህል የተገረዙ ነበሩ። ስለዚህ እናቶቻችን ያልተገረዘ ልጅ እንዴት እንደሚታጠብ አላስተማሩንም፤ እነሱም አላዩትምና። እኔም ያወቅሁት ውጭ አገር ነርሲንግ ስማር ነው። እዚህ ግን 8ኛው ቀን ሳይታሰብ ያልፍና ልጆቻችን ሳይገረዙ ያድጋሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ደወለችልኝ። የ6 ዓመት ልጇ ያካል፣ ሲሸናም ያለቅሳል። «እህቴ፣ ባለመገረዙ ነው፤ ሐምሌ ላይ አገር ቤት ወስጄ አስገርዘዋለሁ» አለችኝ። እንዴት እንደምታጥበው ጠየቅኋት። ለካስ በየምሽቱ አረፋ በሞላው ገንዳ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ ሸለፈቱንም ለንጽሕና ብላ በኃይል ወደ ኋላ ትስባለች። ሁለቱንም እንድትተውና ልጁን ለፋስትሌጌው እንድታሳይ መከርኳት። ሐኪሙም ሌላ በሽታ አላገኘበትም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጁ ማከኩን ተወ።

ይህን ልብ በሉ፦ ወንድ ልጅ ሲወለድ ሸለፈቱ ከብልቱ ጫፍ ጋር ተጣብቆ ነው። ቀስ በቀስ በራሱ ጊዜ ይላቀቃል፤ በአንዳንዱ እስከ ጉርምስና ይቆያል። በኃይል ከተሳበ ይሰነጠቃል፣ ይደማል፣ ጠባሳው ደግሞ በኋላ ያጠበዋል። ከቆዳው ሥር የሚታዩ ነጫጭ እብጠቶችም ብዙውን ጊዜ መግል ሳይሆኑ የተጠራቀመ የቆዳ ቅርፊት ናቸው። ለሕፃን ከውጭ በለብታ ውኃ ማጠብ ይበቃል።

ሸለፈቱ በቀላሉ የሚመለስለት ልጅና አዋቂ በቀን አንድ ጊዜ በቀስታ ይግለጠው፤ ያለ ሳሙና በውኃ ይጠብ፣ ያድርቀው፣ ከዚያ ወደ ቦታው ይመልሰው። አለመታጠብ ያስቆጣል፤ ከመጠን በላይ መታጠብም እንዲሁ። ዴቶል፣ አልኮል፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት በዚያ ስስ ቆዳ ላይ አይቀባም። ከጓደኛ የተበደራችሁትን ቅባትም አትጠቀሙ። የስቴሮይድ ቅባት ብቻውን ፈንገስን ሊያባብስ ይችላል፤ ሐኪም ሲያዝለት ግን የጠበበን ሸለፈት በብዙ ልጆች ላይ ያለ ቀዶ ሕክምና ያላላል።

በአዋቂ ላይ ማሳከክ ብዙ ምክንያት አለው፦ ሳሙና፣ የኮንዶም ላቴክስ አለርጂ፣ ችፌ፣ እከክ፣ ፈንገስ፣ የአባላዘር በሽታ። ፈንገሱ እየተመላለሰ የሚያስቸግራችሁ ወንድሞች ስኳራችሁን ተለኩ፤ አንዳንዴ የስኳር ሕመም መጀመሪያ የሚታወቀው በዚህ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ከመጠራጠራቸው በፊት ይመርመሩ። ቆዳው ነጥቶ ከደረቀና ከጠበበ፣ ወይም ባያምም እንኳ ቁስል ካለ፣ ሳትዘገዩ ሐኪም ይየው። መገረዝም ከሁሉም አያድንም፤ ችፌና የአባላዘር በሽታ የተገረዘውንም ይይዛሉ።

ለነገ የማይባል ምልክትም አለ። ወደ ኋላ የተሳበ ሸለፈት አልመለስ ብሎ ካበጠ፣ ሽንት እምቢ ካለ፣ ወይም ትኩሳትና መግል ከመጣ በዚያው ቀን ወደ ሌጌቫክት፣ 116117 ደውሉ።

ስለ ግርዛትም ልንገራችሁ። እምነታችሁንና ባህላችሁን ተዉ አልልም። ነገር ግን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ጀምሮ የጸናው የኖርዌይ ሕግ ግርዛት ሐኪም በተገኘበትና በሚመራው እንዲፈጸም ያዛል። እምቢ ያለን ልጅም መግረዝ አይፈቅድም። በሆስፒታል የሚሠራበት መንገድ ስላለ፣ የምትፈልጉ ቤተሰቦች ልጁ ሳይወለድ ጀምሮ ሄልሰስታሾን ጠይቁ። ትልቅ ልጅን ለዕረፍት ብለን ወስደን፣ ሳይነገረው ምላጭ ፊት ማቆም ግን አደራ መብላት ነው። የዚያች እናት ልጅ ሲሻለው ምን እንዳላት ታውቃላችሁ? «ሐምሌ ላይ አያቴን ለማየት ብቻ ነው የምንሄደው?» ለካስ የስልክ ወሬያችንን ሁሉ ይሰማ ነበር፤ ወራት ሙሉ በፍርሃት ኖሯል፣ ማንም አልጠየቀውም።

በአገር ቤት ላላችሁ ወገኖቼም አንድ ቃል አለኝ፦ ልጆቻችሁን በጤና ተቋም አስገርዙ፤ አንድ ምላጭ ለሁለት ልጅ አይዋል። ማኅበራችን ለወረዳችን ከሚልከው ዕቃ ጋር ይህንን ምክር በአንድ ገጽ አትሞ ቢልክ ወጪው ትንሽ ነው። ጽሑፉን እኔ በነፃ አዘጋጃለሁ።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ልጆቻችሁን «እዚያ የሚያምህ ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ሳትቆጡ፣ ሳትስቁ።