ልዩ ተሰጥዎ ያላቸው ልጆችና በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት



እ.ኤ.አ. በ2012 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ዑደትና የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት በኢንተርኔት አማካይነት ለዓለም ሕዝብ ያለ ክፍያ አቀረበ። ከተመዘገቡት ከ150,000 በላይ ሰዎች መካከል ትምህርቱን ፈጽመው ያለፉት 7,000 ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ ሙሉ ነጥብ ያገኙት 340 ነበሩ። ከእነዚህም አንዱ በሞንጎሊያ ዋና ከተማ በኡላን ባቶር የሚኖር ባቱሺግ ሚያንጋንባያር የተባለ የ15 ዓመት ልጅ ነበር።

ልዩ ተሰጥዎ ስላላቸው ልጆች በተነሣ ቁጥር ይህ ታሪክ ይጠቀሳል፤ ምስጋናውም ሁሉ ለኢንተርኔቱ ይቸራል። ይህ ግን የእውነቱን ግማሽ መተው ነው። ትምህርቱን መርምረው ለሃያ ያህል ተማሪዎቻቸው የመረጡት፣ ራሳቸው የዚያው ተቋም ምሩቅ የነበሩት የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ናቸው። ሽቦ ማገናኘትና መለካት ኮምፒዩተር ላይ በማየት ብቻ የሚለመድ ሙያ ስላልሆነም፣ የቤተ ሙከራ መሣሪያ ይዞ ልጆቹን የሚያለማምድ የዶክትሬት ተማሪ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እንዲመጣላቸው አደረጉ።

ሌላው እንቅፋት ቋንቋ ነበር፤ ትምህርቱ የተሰጠው በእንግሊዝኛ ነውና። ይህን ያቃለለው ልጁ ራሱ ነው፤ የከበዱትን ክፍሎች በሞንጎልኛ እያብራራ በቪዲዮ ቀርጾ ለክፍል ጓደኞቹ አሠራጨ።