የመሥሪያ ቤት ስልክና የካሜራው ቁልፍ



መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው የሚሰጠውን ስልክ ካሜራ ከማዕከል መዝጋት አዲስ ነገር አይደለም። አንድሮይድ ይህን ሥልጣን ለአስተዳዳሪው የሰጠው በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው አራተኛ እትሙ ነው። ዓላማውም የሚናቅ አይደለም፤ የሕሙማን ገጽታና የሒሳብ ሰነድ በፎቶግራፍ ተነሥቶ ከግቢ እንዳይወጣ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ኃላፊነቱን አክብዶታል።

ይሁንና ሮቤ ቢሮ ለተቀመጠውና ሳነቴ ለወጣው ሠራተኛ ደንቡ አንድ ሊሆን አይገባም። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚያ ብርድና ጉም ውስጥ የተቃጠለ ብሬከር ያገኘ ቴክኒሻን አንድ ፎቶግራፍ ቢልክ፣ ሮቤ ያለው መሐንዲስ ትክክለኛውን መለዋወጫ ይመርጥለታል፤ ያለዚያ የሁለት ጊዜ ጉዞ ነው። ካሜራው ሲዘጋ የዕቃውን መለያ ኮድ በስልኩ ማንበብም አብሮ ይቀራል፤ ይህን ደንብ አውጪዎች ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል።

ታዲያ ሰውየው ምን ያደርጋል? የግል ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ያነሣል፤ በቴሌግራም ይልካል። እንዲጠበቅ የተፈለገው ሥዕል መሥሪያ ቤቱ በማያዝበት ስልክ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። (የቀይ ቀበሮ ጉድጓድ አጠገብ የተነሣ ፎቶግራፍ የቦታውን አድራሻ ይዞ መዞሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።)

ስለዚህ ለመስክ ሠራተኛ ስልኩን የሥራና የግል ክፍል አድርጎ መለየት ይበጃል። በሥራው ክፍል ካሜራው ክፍት ይሁን፤ ሥዕሉ ወደ ግሉ እንዳይሻገር ግን ይከልከል። በሕክምና መዝገብ ቤትና በመቆጣጠሪያ ክፍል የሚያገለግሉት ስልኮች ካሜራቸው እንደተዘጋ ይቆይ፤ በእነዚህ ላይ ክርክር የለኝም።